ዝርዝር በአንድ ጥያቄ፦ ከናይፍ ካርጎ ቤት የታየ ታሪክ

ዱባይ፣ ናይፍ ሰፈር ውስጥ ካርጎ ቤት የሠራ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ጥያቄ አለ፦ «ከእነዚህ ውስጥ የትኞቹ ሄዱ?» ነጋዴው ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋል። ወረቀቱ ላይ ሠላሳ፣ ሰባ፣ አንዳንዴም ሦስት መቶ የካርቶን ቁጥሮች ተጽፈዋል። መርካቶ ያለው ሸሪኩ ደግሞ ስልኩን ሳይዘጋ መልሱን ይጠብቃል። ጥያቄው አንድ ነው፤ የሚጠየቅለት ዕቃ ግን ብዙ ነው። ይህን ጥያቄ ሳይሰባብሩ፣ ሳያዘገዩና ለሌባ በር ሳይከፍቱ ለኮምፒውተር ማቅረብ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ከ1970 ወዲህ ብዙ ብርቱ ሰዎች የደከሙበት ሥራ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እኔ በዚሁ ሰፈር ለካርጎ ቤቶች ሶፍትዌር እሠራለሁ። ፕሮግራም ከመማሬ በፊት ሚዛኑ አጠገብ ቆሜ ኪሎ እጽፍ፣ ካርቶን ላይ ስም እለጥፍ ነበር። ለዚህም ነው የዳታቤዝን ታሪክ ሳነብ ወረቀት ይዘው የሚጠብቁት ሰዎች የሚታዩኝ።

ናይፍ ከዱባይ የቆዩ ሰፈሮች አንዱ ነው፤ ዴራ በሚባለው የከተማው ክፍል፣ ከክሪኩ (ከባሕር ወሽመጡ) በስተ ሰሜን ይገኛል። የሰፈሩ ምሽግ በ1939 ተሠራ፤ የዱባይ ፖሊስም በ1956 የተቋቋመው እዚያው ምሽግ ውስጥ ነው። የናይፍ ገበያ በ2008 በእሳት ወድሞ እንደገና ተሠርቷል። ከናይፍ እስከ ሳብካ፣ ከዚያም እስከ ፍሪጅ ሙራር ድረስ ባሉት መንገዶች ላይ የሐበሻ ምግብ ቤቶች፣ የበርበሬና የቡና መሸጫዎች፣ የፀጉር ቤቶችና ካርጎ ቤቶች አሉ። ከአዲስ አበባ የመጣ ነጋዴ ልብሱን፣ ጫማውን፣ የስልክ ዕቃውን ከዚሁ ገዝቶ እዚሁ ያስጭናል። ብዙዎቻችን የቤት ኪራዩ ስለሚቀል ሻርጃና አጅማን አድረን በኢቲሃድ መንገድ መጨናነቅ ውስጥ አልፈን እንመጣለን። ስንደርስ ነጋዴው በሩ ላይ ቆሞ እናገኘዋለን።

የካርጎ ሥራ ከመጀመሪያው የዝርዝር ሥራ ነው። አንድ አውሮፕላን ላይ የተጫነ የአንድ ካርጎ ቤት ዕቃ በአንድ ዋና የጭነት ሰነድ ይሄዳል፤ በእሱ ሥር ግን የብዙ ደንበኞች ንዑስ ሰነዶች አሉ። የዋናው ሰነድ ቁጥር 11 አሃዝ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ አየር መንገዱን ይገልጻሉ፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ መለያ 071 ነው። ከዚያ ሰባት አሃዝ ይከተላል። የመጨረሻው አሃዝ መፈተሻ ሲሆን ሰባቱ አሃዝ ለ7 ተካፍሎ የሚተርፈው ነው። ለምሳሌ 1234567 ለ7 ሲካፈል 5 ይተርፋል፤ ስለዚህ ሙሉው ቁጥር 071-12345675 ይሆናል። ሲገለበጥ የተሳሳተ ቁጥር በዚህ ስሌት አብዛኛውን ጊዜ ወዲያው ይጋለጣል።

ስም ግን እንዲህ አይፈተሽም። ፀሐይ የምትባል ደንበኛ ስሟ በላቲን ፊደል ሲጻፍ በአንዱ ወረቀት በ«ቲ»፣ በሌላው በ«ቲ ኤስ» ይጀምራል። ዳታቤዝ በዝርዝር ሲጠየቅ የሚያየው እኩልነትን ብቻ ነው፤ «ይህቺው ሴትዮ ትሆን?» ብሎ አይገምትም። ስለዚህ የእኛ ዝርዝሮች የስም ሳይሆኑ የቁጥር ናቸው።

የዚህ የዝርዝር ጥያቄ ታሪክ መነሻ ሳን ሆዜ፣ ካሊፎርኒያ ነው። በአይቢኤም የምርምር ማዕከል ይሠራ የነበረው ኤድጋር ኮድ በሰኔ 1970 ባሳተመው ጽሑፍ መረጃ ሁሉ በሰንጠረዥ መልክ እንዲቀመጥ፣ ጠያቂውም መረጃው ዲስኩ ላይ የት እንዳለ ሳያውቅ የሚፈልገውን ብቻ እንዲናገር ሐሳብ አቀረበ። ከዚያ በፊት ፕሮግራመሩ ከአንዱ መዝገብ ወደ ሌላው የሚወስደውን መንገድ ራሱ እየጠረገ ይሄድ ነበር። ኮድ ሰንጠረዥን ያየው እንደ ሒሳብ ስብስብ ነው፤ ጥያቄውም ስብስብ፣ መልሱም ስብስብ። ይህ ሐሳብ እስከ ጽሑፌ መጨረሻ አብሮን ይሄዳል።

በ1974 ዶናልድ ቻምበርሊንና ሬይመንድ ቦይስ፣ ሁለቱም የአይቢኤም ሰዎች፣ ለኮድ ሐሳብ የሚሆን መጠየቂያ ቋንቋ አቀረቡ። ቦይስ በዚያው ዓመት ገና በወጣትነቱ ሞተ። ሥራው ግን ኤስኪውኤል ሆኖ ዓለምን አዳረሰ። ቋንቋው በ1986 በአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም ሲጸድቅ «ኢን» የምትባለው አጭር ቃል ውስጡ ነበረች። «ቁጥሩ ከእነዚህ አንዱ የሆነውን ሁሉ ስጠኝ» የሚባለው በእሷ ነው፤ ከቃሏ ቀጥሎ በቅንፍ ውስጥ እሴቶቹ ይደረደራሉ። የናይፉ ነጋዴ ጥያቄ በማሽን ቋንቋ መልክ ያገኘው በዚህች ቃል ነው።

ሰው በእጁ ሲጽፈው ምንም ችግር የለውም። ችግሩ የመጣው ጥያቄውን የሚያቀርበው ሌላ ፕሮግራም ሲሆን ነው። ዳታቤዙ ጥያቄ ሲደርሰው መጀመሪያ ሰዋስዉን ያነባል፤ ቀጥሎ መንገዱን ያቅዳል፦ የትኛውን ማውጫ ልጠቀም? የትኛውን ሰንጠረዥ ላስቀድም? ይህ ሥራ ጊዜ ይበላል። ስለዚህ ጥያቄው አንድ ጊዜ ታቅዶ ብዙ ጊዜ እንዲሠራበት፣ እሴቱ የሚገባበት ቦታ ባዶ ሆኖ በጥያቄ ምልክት እንዲያዝ ተደረገ። የፕሮግራም ቋንቋው ጃቫ ይህን ከ1997 ጀምሮ፣ በ1.1 ስሪቱ ውስጥ በተካተተው የዳታቤዝ መገናኛ፣ በጄዲቢሲ፣ አማካይነት ለፕሮግራመሮች ሰጠ። አንድ የጥያቄ ምልክት የሚይዘው ግን አንድ እሴት ብቻ ነው። ዕቅዱ እሴቱ ከመምጣቱ በፊት የተነደፈ ስለሆነ ስንት ቦታ እንዳለ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ዝርዝር ደግሞ ዛሬ ሦስት፣ ነገ ሦስት መቶ ነው።

ፕሮግራመሮች በሁለት መንገድ ሊሸሹ ሞከሩ። የመጀመሪያው አንድ በአንድ መጠየቅ ነው፦ ሦስት መቶ ካርቶን፣ ሦስት መቶ ጥያቄ። እናት ከሱቅ አሥር ነገር ፈልጋ ልጇን አሥር ጊዜ እንደ መላክ ነው፤ ስኳሩ ቀላል ነው፣ መንገዱ ግን ልጁን ይገድለዋል። ኮምፒውተር ውስጥም የሚያደክመው መልሱን መፈለጉ አይደለም፤ በመረብ መመላለሱ ነው። እያንዳንዱ ምልልስ ጥቂት ሚሊሰከንድ ቢወስድ እንኳ ሲደመር ነጋዴው ስልኩን እንደያዘ ይቆማል።

ሁለተኛው መንገድ ከዚህ የባሰ ነው። ቁጥሮቹን በኮማ እያጣበቁ የጥያቄው ጽሑፍ ውስጥ መክተት ነው። ይህ ፈጣንና ቀላል ስለሚመስል በመላው ዓለም ተለመደ። ነገር ግን ከሰው የመጣን ጽሑፍ ከትእዛዝ ጋር መቀላቀል ማለት የመጣው ሰው ትእዛዝ እንዲጽፍ መፍቀድ ማለት ነው። ቁጥር መጻፍ ያለበት ቦታ ላይ የኤስኪውኤል ቃላት የጻፈ ሰው የሌላውን ደንበኛ መዝገብ ማየት፣ ማጥፋትም ይችላል። ጄፍ ፎሪስታል በታኅሣሥ 1998 በፍራክ መጽሔት ላይ ይህን ድክመት በይፋ ጻፈው፤ በኋላ «ኤስኪውኤል ኢንጀክሽን» ተብሎ ታወቀ። የዝርዝር ጥያቄ ለዚህ ጥቃት በተለይ የተጋለጠ ነበር። ለአንድ እሴት የጥያቄ ምልክት መጠቀም የሚያውቅ ጥንቁቅ ፕሮግራመር እንኳ ዝርዝር ሲመጣበት ሌላ መንገድ አጥቶ ያጣብቅ ነበር።

ማጣበቅ ደኅንነት ቢኖረው እንኳ ሌላ ዋጋ ያስከፍላል። ኦራክል የተባለው ዳታቤዝ በ1992 በወጣው ሰባተኛ ስሪቱ የታቀዱ ጥያቄዎችን ሁሉም ተጠቃሚ በሚጋራው የማስታወሻ ክፍል ማስቀመጥ ጀመረ። አንድ ጥያቄ እንደገና ሲመጣ ጽሑፉ ካለፈው ጋር አንድ ከሆነ ዕቅዱ ዝግጁ ነው። ቁጥሮቹ ጽሑፉ ውስጥ ከተጣበቁ ግን ሁሉም ጥያቄ አዲስ ነው፤ ማስታወሻው ዳግም በማይጠየቁ ዕቅዶች ይሞላል፣ ጠቃሚዎቹም ይገፋሉ። በዚያ ላይ ኦራክል ለብዙ ዓመታት በአንድ ዝርዝር ከ1,000 በላይ እሴት አይቀበልም ነበር፤ ቁጥሩ 01795 የሆነውን የስህተት መልእክት ያላየ የዚያ ዘመን የኦራክል ፕሮግራመር ጥቂት ነው። የማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር ደግሞ በአንድ ጥያቄ 2,100 ፓራሜተር፣ ማለትም ለእሴት የተያዘ ቦታ፣ ላይ ይቆማል።

ዝርዝሩን በሺህ በሺህ ቆርጦ መላክ የተለመደው ማምለጫ ነበር። እሱም የራሱ ዕዳ አለው። የመጀመሪያው ሺህ ተጠይቆ ሁለተኛው እስኪጠየቅ ድረስ መጋዘን ያለው ሠራተኛ የአንዱን ካርቶን ሁኔታ ከ«ተመዝኗል» ወደ «ተጭኗል» ሊለውጠው ይችላል። ያን ጊዜ ነጋዴው የሚቀበለው ሪፖርት ግማሹ የአንድ ሰዓት፣ ግማሹ የሌላ ሰዓት ይሆናል። ጥያቄው አንድ መሆኑ ለፍጥነት ብቻ ሳይሆን ለእውነትም ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ነው ሃይበርኔት የሚመጣው። በ2001 አውስትራሊያዊው ጋቪን ኪንግ በዘመኑ የነበረው የጃቫ መሣሪያ፣ ኢጄቢ የሚባለው፣ ከባድና አታካች መሆኑን አይቶ የራሱን መሥራት ጀመረ። ጃቫ የሚጻፈው በኦብጀክት ነው፦ ካርቶን፣ ደንበኛ፣ በረራ። ዳታቤዙ የሚያውቀው ደግሞ ሰንጠረዥና አምድ ነው። በሁለቱ መካከል ቆሞ የሚያስተረጉመው ሶፍትዌር ኦብጀክት ሪሌሽናል ማፐር ይባላል። ሃይበርኔት የመጀመሪያው አይደለም፤ ለስሞልቶክና ለጃቫ የተሠራው ቶፕሊንክ ከእሱ በፊት ነበረ። ነገር ግን ሃይበርኔት በነጻ ይገኝ ስለነበር ገንዘብ የሌለው ትንሽ ቢሮ ውስጥ ሳይቀር ገባ።

ለእኛ ጉዳይ የሃይበርኔት ትልቁ ስጦታ «ሴት ፓራሜተር ሊስት» የሚባለው ጥሪ ነው። ፕሮግራመሩ በጥያቄው ውስጥ ለቦታው አንድ ስም ብቻ ይሰጣል፣ ለምሳሌ «ቁጥሮች» ይለዋል። ከዚያ ዝርዝሩን እንዳለ ያስረክባል። ከመጋረጃው ጀርባ ሃይበርኔት ዝርዝሩን ይቆጥራል፤ ሦስት እሴት ካለ ያንን አንድ ስም ወደ ሦስት ስሞች ይዘረዝራል፣ እያንዳንዱንም በጥያቄ ምልክት ይተካና እሴቶቹን በየቦታቸው ያስገባል። ጽሑፍ ከእሴት ጋር አይቀላቀልም፤ ስለዚህ የሌባው በር ይዘጋል። ምልልሱም አንድ ብቻ ነው። አንድ መስመር ኮድ ሁለቱንም የቀድሞ ማምለጫዎች ከንቱ አደረጋቸው።

ይፋዊው ደረጃ ግን ዘገየ። በግንቦት 2006 የወጣው የጃቫ ደረጃ፣ ጄፒኤ 1.0፣ በ«ኢን» ቅንፍ ውስጥ ፓራሜተር ቢፈቅድም እያንዳንዱ ለአንድ እሴት ብቻ ነበር። ሙሉ ዝርዝር በአንድ ፓራሜተር ማስረከብ በደረጃው ውስጥ የተጻፈው በታኅሣሥ 2009፣ በጄፒኤ 2.0 ነው። በመካከል ባሉት ዓመታት አንድን መሣሪያ ትቶ ወደ ሌላ የተሻገረ ቢሮ ዝርዝር የሚጠይቅባቸውን ቦታዎች ሁሉ አንድ በአንድ መፈተሽ ነበረበት። በፓይተን ቋንቋ በኩልም የዚያ ቋንቋ መሣሪያዎች የሆኑት ጃንጎ ከ2005፣ ኤስኪውኤል አልኬሚ ከ2006 ጀምሮ የየራሳቸውን መንገድ ይዘው መጡ።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የጥቃቅን ነገሮች ታሪክ ነው፤ የቢሮን ቀን የሚያበላሹት ግን ጥቃቅኖቹ ናቸው። የመጀመሪያው ባዶ ዝርዝር ነው። ደንበኛው ዛሬ ምንም ዕቃ ከሌለው ቅንፉ ባዶ ይቀራል፤ ፖስትግሬስን የመሰሉ ዳታቤዞችም ባዶ ቅንፍን እንደ ሰዋስው ስህተት ይቆጥሩታል። ለሰው ግልጽ የሆነው መልስ፣ «ምንም የለም»፣ ለማሽኑ ስህተት ይሆናል። ጃንጎ ይህን በጨዋነት ፈታው፦ ዝርዝሩ ባዶ ከሆነ ዳታቤዙን ጨርሶ ሳያስቸግር ባዶ መልስ ይሰጣል። ሁለተኛው «ከእነዚህ ውጭ» የሚለው ተቃራኒ ጥያቄ ነው። ዝርዝሩ ውስጥ አንድ ያልታወቀ እሴት፣ ነል የሚባለው፣ ከገባ መልሱ ሁልጊዜ ባዶ ይሆናል። ማሽኑ «ይህ ካርቶን ከዚያ ካልታወቀው ጋር አንድ አለመሆኑን ማረጋገጥ አልችልም» ብሎ ሁሉንም ይተዋል። ይህ ብልሽት ሳይሆን የኤስኪውኤል ሦስት እሴት ያለው ሎጂክ ውጤት ነው፤ ለማያውቀው ግን መጋዘኑ ባዶ የሆነ ይመስለዋል።

ሦስተኛው የዝርዝሩ ርዝመት ነው። ሃይበርኔት አንዱን ስም ወደ ብዙ የጥያቄ ምልክት ሲዘረዝር አምስት እሴት ያለውና ስድስት እሴት ያለው ጥያቄ ጽሑፋቸው ይለያያል። ስለዚህ የኦራክሉ የቆየ ችግር፣ የማስታወሻው መጨናነቅ፣ በትንሹም ቢሆን ተመለሰ፤ የሃይበርኔት የራሱ የዕቅድ ማስታወሻ ሳይቀር በዚህ ያብጥ ነበር። በ2018 መፍትሔ ተጨመረ። ቅንብሩ ሲበራ ሃይበርኔት ቦታዎቹን ከሁለት ጀምሮ እጥፍ በእጥፍ ከሚያድጉት ቁጥሮች (2፣ 4፣ 8፣ 16) እስከ ቀጣዩ ድረስ ይሞላል። ሦስት እሴት አራት ቦታ ያገኛል፤ አምስት፣ ስድስትና ሰባት እሴት ስምንት ቦታ ያገኛሉ። ትርፉ ቦታ የመጨረሻውን እሴት በመድገም ይሞላል፤ አንድ ቁጥር ሁለት ጊዜ መጠየቁ መልሱን ስለማይለውጥ ጉዳት የለውም። በመቶ የሚቆጠሩ የጥያቄ ዓይነቶች በዚህ ወደ ጥቂቶች ይወርዳሉ።

ሌሎች ግን ችግሩን ከሥሩ ነቀሉት። ፖስትግሬስ በ2003፣ በ7.4 ስሪቱ፣ ዝርዝሩን እንደ አንድ እሴት፣ እንደ አሬይ፣ ተቀብሎ «ከዚህ ውስጥ ካለው ከማናቸውም ጋር እኩል የሆነ» ብሎ መጠየቅ አስቻለ። የጥያቄ ምልክቱ አንድ ነው፤ ዝርዝሩ ሦስት ይሁን ሦስት ሺህ የጥያቄው ጽሑፍ አይለወጥም። በዚያው ዳታቤዝ ላይ እሴቶቹን በተናጠል የሚልክ ሰው የፓራሜተሮቹ ብዛት የሚጻፍበት ቦታ 16 ቢት ብቻ ስለሆነ 65,535 ላይ ይቆማል፤ በአሬይ የሚልከው ግን ይህ አይነካውም። ማይክሮሶፍትም በኤስኪውኤል ሰርቨር 2008 ሰንጠረዥን ራሱን እንደ ፓራሜተር መላክ ፈቀደ። የማይክሮሶፍት ማፐር፣ ኢንቲቲ ፍሬምወርክ ኮር፣ በኅዳር 2023 በወጣው ስምንተኛ ስሪቱ ዝርዝሩን ጄሰን በሚባል የጽሑፍ ቅርጽ ጠቅልሎ እንደ አንድ ፓራሜተር መላክን በወቅቱ መደበኛ አሠራሩ አድርጎት ነበር። የተለያዩ ሰዎች በተለያየ ዘመን ተነሥተው ወደ አንድ ቦታ ደረሱ፦ ዝርዝር ሲረከብ እንደ ዝርዝር፣ ሙሉውን፣ በአንድ እጅ ይሰጥ።

እኔ ግን በናይፍ ጠረጴዛ ስለቆምኩ ከዚህ ሁሉ ድካም በኋላም የሚቀር አንድ ነገር ይታየኛል። «ኢን» የሚመልሰው የተገኘውን ብቻ ነው። አንዲት ነጋዴ የሰባ ካርቶን ዝርዝር ሰጥታ ስልሳ ስምንት መስመር ብታገኝ ማሽኑ ሁለቱ የት እንደቀሩ አይናገርም፤ ዝም ይላል። የተገኙትንም በወረቀቷ ቅደም ተከተል ለመመለስ ግዴታ የለበትም። እሷ ደግሞ ልቧ ያለው በተገኙት ስልሳ ስምንቱ ላይ አይደለም። «እትዬ፣ ስልሳ ስምንቱ ሄደዋል» ሲሏት «ሁለቱስ?» ትላለች። ቁጥሩ ሲገለበጥ ተሳስቶ ይሆን? ካርቶኑ ገና መጋዘን ይሆን? ወይስ በሌላ ሰው ስም ተጭኖ ይሆን? እነዚህ ሦስቱ ሦስት የተለያዩ መልሶች ናቸው። «አልተገኘም» የሚለው ዝምታ ግን ሦስቱንም አንድ ያደርጋቸዋል።

መፍትሔው ኤድጋር ኮድ በ1970 ካሰበው ላይ ይገኛል። ዝርዝሩ ራሱ ሰንጠረዥ ነው፤ የማጣሪያ ቅንፍ ውስጥ ከመታሰር ይልቅ ከዳታቤዙ ሰንጠረዦች ጎን ሊቀመጥ ይገባዋል። ፖስትግሬስ ከ2009 ጀምሮ፣ በ8.4 ስሪቱ፣ አሬይን ወደ መስመሮች የሚበትን መሣሪያ አለው፤ ከ2014 ጀምሮ፣ በ9.4፣ እያንዳንዱ መስመር ዝርዝሩ ላይ ስንተኛ እንደነበረ አብሮ ይነግራል። የነጋዴዋ ዝርዝር በግራ፣ የጭነቱ መዝገብ በቀኝ ሆኖ ሲገጣጠሙ፣ ከግራው ምንም እንዳይጠፋ ከተደረገ፣ ሰባ ለጠየቀ ሰባ መስመር ይመጣል። ያልተገኙት ሁለቱ በወረቀቱ ላይ በነበሩበት ቦታ፣ ጎናቸው ባዶ ሆኖ ይታያሉ። በኋለኞቹ የሃይበርኔት ስሪቶችም በብዙ መለያ ቁጥሮች የሚጠራ፣ በተሰጠው ቅደም ተከተል መልሶ ያልተገኘውን ቦታ ባዶ የሚተው ጥሪ አለ።

በዚህ ሰፈር ለሚሠሩ ወጣት ፕሮግራመሮች የምናገረው ይህንኑ ነው። ማፐር ጊዜ ይቆጥባል፣ ከሌባም ይጠብቃል፤ ግን ምን እንደሚጠየቅ አይመርጥም። ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት ሰውየው ወረቀቱን ለምን እንደዘረጋ ጠይቁ። አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው የተገኙትን ሳይሆን የቀሩትን ነው። ስለዚህ የገባው ዝርዝርና የወጣው መልስ መስመር በመስመር እስኪመሳከሩ ድረስ ሥራው አላለቀም። የቀረውን ቁጥር፣ መፈተሻ አሃዝ ካለው፣ በእሱ ፈትሹ፤ ትክክል ከሆነ መጋዘን ጠይቁ፤ ስህተት ከሆነ ወረቀቱን እንደገና ከባለቤቱ ጋር አንብቡ። ሰባ ቁጥር ይዛ የመጣች ነጋዴ ሰባ መልስ ይዛ መሄድ ይገባታል።